ገንዘቡ የእርሷ፣ ካርታው የእርሱ፦ የሴት ነጋዴዎች ብድር ከባንክ ደጃፍ ስለምን ይመለሳል?

ስለ ኢትዮጵያውያት ነጋዴዎች ድጋፍ በተነሣ ቁጥር፣ በዳያስፖራ ማኅበራት ስብሰባም ሆነ በለጋሽ ድርጅቶች ጉባኤ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ቃል ሥልጠና ነው። የሒሳብ አያያዝ ሥልጠና፣ የንግድ ዕቅድ ዝግጅት ሥልጠና፣ የአመራር ሥልጠና፣ በራስ የመተማመን ሥልጠና። ሴቲቱ ከዓመት ዓመት ትሠለጥናለች፤ የምስክር ወረቀቷ በግድግዳዋ ላይ ይበዛል። ባንክ ቤት ስትደርስ የምትጠየቀው ግን ከእነዚህ ወረቀቶች አንዱንም አይደለም። የምትጠየቀው ካርታ ነው። በስሟ ቤት ወይም ሕንፃ ያላት ሴት አንድ ቀን እንኳ ሳትሠለጥን ትበደራለች፤ የሌላት ደግሞ አሥር ጊዜ ብትሠለጥንም ከደጃፉ ትመለሳለች።

ይህን ማለት ሥልጠናን ከንቱ ማድረግ አይደለም። ሒሳብ መያዝ ለማንም ነጋዴ ይጠቅማል። ነገር ግን መድኃኒቱ የተሰጠው ለሌላ በሽታ ነው። ሴት ነጋዴን ዕውቀት የጎደላት አድርጎ የሚነሣ ፖሊሲ የችግሩን ሸክም ከባንኩና ከሕጉ አፈጻጸም ላይ አንሥቶ በእርሷ ትከሻ ላይ ይጭናል፤ ብድር ሳታገኝ ስትቀርም ሌላ ሥልጠና ያዝላታል። የሠላሳ ሴቶች ዕቁብ ሰብሳቢ ሆና፣ የማን ዕጣ መቼ እንደሚወጣ፣ ማን እንደዘገየ፣ ማን ማንን ዋስ እንደጠራ በቃሏ ይዛ ዓመታት የኖረች የገበያ ሴት በሦስት ቀን ሴሚናር ስለ ገንዘብ የምትማረው አዲስ ነገር ብዙ አይሆንም። የአሠልጣኙ አበልና የአዳራሹ ኪራይ ተደምረው አንዳንዴ የአንዲት ሠልጣኝ የሥራ ማስኬጃ ሊሆኑ ይችሉ እንደነበርም የሚያስታውስ የለም።

የጉዳዩ ቁልፍ ዋስትና ነው፤ ዋስትናው ቤት ነው፤ ቤቱ ደግሞ በአብዛኛው በወንድ ስም የተመዘገበ ነው። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ በውጭ አገር የሚኖረው ወገን፣ በተለይም በዐረብ አገሮች የሚሠሩ እኅቶች የሚልኩት ገንዘብ፣ የራሱ ድርሻ አለው፤ ድርሻው ብዙ ጊዜ ሰንሰለቱን የሚያጠብቅ መሆኑ ነው የሚያሳዝነው።

ባንኩ ቤትን የሚመርጥበት ምክንያት

የባንኩን ምርጫ በክፋት ብቻ መተርጎም አያዋጣም። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት፣ ተበዳሪው ዕዳውን በጊዜው ካልከፈለ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ ራሳቸው በሐራጅ እንዲሸጡ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። የፍርድ ቤት ቀጠሮ ዓመታት ሊፈጅ በሚችልበት አገር ይህ ሥልጣን ትልቅ ነገር ነው። ቤት አይሰደድም፤ አይደበቅም፤ በከተማ ደግሞ ዋጋው ከዓመት ዓመት ሲጨምር ኖሯል። ስለዚህ የብድር ባለሙያው የነጋዴዋን መደብር ጎብኝቶ፣ የሽያጭ ደብተሯን አገላብጦ፣ ደንበኞቿን ጠይቆ ከመወሰን ይልቅ የካርታ ቅጂና የመሐንዲስ ግምት መቀበል ይቀለዋል። ባለሙያው ተበዳሪውን ሳያውቀው ቢቀር እንኳ ቤቱ ይከፍላል።

በዚህ ላይ ገንዘቡ ራሱ ጠባብ ሆኖ ቆይቷል። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ የሚሆን ገንዘብ የብሔራዊ ባንክን ሰነድ እንዲገዙበት ይገደዱ ነበር። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የዋጋ ንረትን ለመግታት ሲባል የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢልም ልማዱ አልጠፋም። ገንዘብ ሲያጥር ባንክ የሚያውቀውን ደንበኛ ያስቀድማል። ብሔራዊ ባንክ ራሱ ባወጣው የፋይናንስ መረጋጋት ሪፖርት እንደታየው፣ አሥሩ ትልልቅ ተበዳሪዎች ብቻ ከጠቅላላው የባንክ ብድር ከአምስት እጅ አንዱን የሚበልጥ ድርሻ ይዘዋል። የብድሩ ወረፋ አጭር የሆነው ለማን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚናገር ቁጥር አያስፈልግም።

በሌላው ጫፍ የብድርና ቁጠባ ተቋማት አሉ። እነርሱ በቡድን ዋስትና፣ ሴቶች እርስ በርስ ተጠሪ ሆነው፣ አነስተኛ ገንዘብ ያበድራሉ። ይህ ብድር ለጉሊት፣ ለዶሮ ርቢ፣ ለእንጀራ መሸጫ ይበቃል፤ ለዳቦ ቤት ምድጃ፣ ለቆዳ መስፊያ መኪና፣ ለወተት ማቀዝቀዣ አይበቃም። ስድስት ሠራተኞች ቀጥራ አሥራ ሁለት ለማድረስ የምትጥረው ሴት ለቡድን ብድር በዝታለች፤ ለባንክ አንሳለች። በመካከል የቀረችው እርሷ ናት። የሥራ ዕድል የምትፈጥረውም እርሷ ናት።

ስሙ የማን ነው?

በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ አለቃ ነበር። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሻረ። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንደኛው ተጋቢ ስም ብቻ ቢመዘገብ እንኳ የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረትን መሸጥም ሆነ በመያዣ መስጠት የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። በገጠር የባልና የሚስት ስም አብሮ የሚጻፍበት የይዞታ ደብተር ተሰጥቷል። በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣም ለሴቶች 30 በመቶ ድርሻ ተለይቶላቸው ነበር። እነዚህ ቀላል ድሎች አይደሉም። ለብዙ ሴት የኮንዶሚኒየም ዕጣዋ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሟ የተጻፈ ንብረት ነው።

ሆኖም በጋራ ንብረት መበደር በወረቀት ላይ እኩል የሆነውን ያህል በቤት ውስጥ እኩል አይደለም። ባል ቤቱን አስይዞ ለመበደር ሲፈልግ ሚስት እንድትፈርም ይጠበቅባታል፤ አለመፈረሟ ትዳር እንደመፍታት የሚቆጠርበት ቤት ብዙ ነው። ሚስት ለራሷ ንግድ ስትፈልግ ግን ፊርማው ውለታ ይሆናል፤ አንዳንዴም የንግዱን ትርፍ የማዘዝ መብት ይከተለዋል። ባንኩ ይህን አያይም፤ የሚያየው ሁለት ፊርማ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ሕጉ ጨርሶ የማይደርስበት ቦታ ነው፤ ይኸውም የእኅትና የወንድም፣ የልጅና የአባት ጉዳይ። ከወሎ፣ ከጅማ ወይም ከአርሲ ተነሥታ ወደ ጅዳ፣ ወደ ኩዌት ወይም ወደ ቤይሩት የሄደች ወጣት ደመወዟን በየወሩ ትልካለች። ከፊሉ ለእናት አባቷ ቀለብ፣ ከፊሉ ለታናናሾቿ ትምህርት ይውላል፤ የተረፈው ለቦታ መግዣና ለቤት መሥሪያ ይቀመጣል። እርሷ በሌለችበት ቦታው የሚገዛው በወንድሟ ወይም በአባቷ ስም ነው። ክፋት ላይኖርበት ይችላል። ቀበሌ የሚመላለሰው፣ መታወቂያ የሚያሳየው፣ የሚፈርመው እርሱ ነውና ስሙ ይጻፋል። ከዓመታት በኋላ ስትመለስ ቤቱ ቆሟል፤ ጎረቤቱ ሁሉ የእርሷ ቤት ይለዋል። ካርታው ላይ ግን የለችበትም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የተባለው ለዚህች ሴት ይመስላል።

የቤተሰብ ሕጉ ለሚስት የሰጠው የጋራ ባለቤትነት ግምት ለእኅት አልተሰጠም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ያዝዛል። በስልክ የተባለ «ላንቺ ነው የምሠራው» የሚል ቃል፣ ቢከማችም የሐዋላ ደረሰኝ፣ ካርታ አይሆንም። ወንድም አግብቶ ልጆች ሲወልድ፣ ወይም እግዜር አይበለውና ሲሞት፣ ቤቱ የሚስቱና የልጆቹ ጉዳይ ይሆናል፤ የሪያድ ወጥ ቤት ውስጥ ወጣትነቷን የጨረሰችው ሴት በገዛ ቤቷ እንግዳ ትሆናለች። ነገሩ የቤተሰብ ጠብ ተደርጎ ስለሚታይ የፋይናንስ ፖሊሲ ሰነዶች አይነኩትም። ነገር ግን ይህ የፋይናንስ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም ያ ቤት በስሟ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያ ብድሯ መያዣ ይሆን ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ ስትመልስ ጉዳዩ በግልጽ ታይቶ ነበር። ለተመላሾቹ በተለያየ ቦታ የቀረበላቸው ዋናው ነገር አጭር ሥልጠናና በማኅበር መደራጀት ነበር። በሕጋዊ መንገድ ከላኩት መካከል ግን ብዙዎቹ ለዓመታት ያስገቡት የውጭ ምንዛሪ በየባንኩ መዝገብ ላይ ተጽፎ ነበር፤ በየወሩ፣ ሳይቋረጥ፣ መጠኑ ታውቆ። ደመወዝተኛ ለመሆኗ፣ ለመቆጠብ ለመቻሏ፣ ቃሏን ለመጠበቋ ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል? ይህ መዝገብ እንደ ብድር ታሪክ ሊነበብ ይችል ነበር። እንደ ሐዋላ ብቻ ተነበበ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጎን መነሣት አለበት። የኢትዮጵያ ባንኮች በውጭ ለሚኖሩ ወገኖች የቤትና የመኪና ብድር በሰፊው ያስተዋውቃሉ። ገቢው በውጭ ምንዛሪ እስከሆነ ድረስ በውጭ ያለው ሠራተኛ እምነት የሚጣልበት ተበዳሪ ነው ማለት ነው። ያው ሰው፣ ያው ገቢ፣ ያው መዝገብ ሆኖ ሳለ ሴቲቱ ተመልሳ የልብስ ስፌት ቤት እከፍታለሁ ስትል እምነቱ የት ይሄዳል? ባንኩ ለሳሎኗ አበድሮ ለመተዳደሪያዋ የማያበድርበት ምክንያት በማንም ማስታወቂያ ላይ አልተጻፈም።

ሕጉ አለ

ሌላ ሕግ ይውጣ የሚል ጥያቄ በዚህ ጉዳይ ላይ አንገብጋቢ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147 ማሽን፣ ለሽያጭ የተከማቸ ዕቃ፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ ሒሳብ፣ ከብት፣ ሰብልና የባንክ ተቀማጭ ለብድር መያዣ እንዲሆኑ ፈቅዷል። መያዣው የሚመዘገብበት ሥርዓትም በብሔራዊ ባንክ ሥር ተቋቁሟል፤ አንድ ማሽን ለሁለት ባንክ እንዳይያዝ፣ አስቀድሞ ያስመዘገበው አበዳሪ ቅድሚያ እንዲኖረው ለማድረግ ነው። እንዲህ ያለ ሕግ ከማንም ይልቅ የሚጠቅመው ቤት ለሌላቸው፣ መኪና፣ ምድጃ፣ ላምና ደንበኛ ላላቸው ነው። ሴቶች ያሏቸው ንብረቶች ደግሞ እነዚህ ናቸው።

አዋጁ ወጥቶ ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን በአብዛኛው ቅርንጫፍ የሚጠየቀው ጥያቄ አልተለወጠም፤ ካርታ አለሽ ወይ? ባንኮቹ የሚያቀርቡት ምክንያት ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመገመት አስቸጋሪ ነው፣ ቢያዝም ገበያ የለውም፣ የሚጠፋው ደግሞ የሕዝብ ተቀማጭ ነው የሚል ነው። የመጨረሻው እውነት ነው፤ የአስቀማጭ ገንዘብ በዘፈቀደ ሊሰጥ አይገባም። ነገር ግን የተቀማጩ ባለቤትም ሴት ናት። በየቅርንጫፉ ቆማ የምትቆጥበው፣ ከዐረብ አገር የምትልከው፣ የዕቁብ ገንዘቧን ባንክ የምታስገባው እርሷ ናት፤ በእርሷ ቁጠባ ለባለ ሕንፃው ሲበደርለት ጥንቃቄ፣ ለእርሷ ሲሆን ግድየለሽነት ሊባል አይችልም።

የማይቻል ነው ለሚሉትም መልስ አለ። የዓለም ባንክ በ2004 ዓ.ም. በ50 ሚሊዮን ዶላር የጀመረው የሴቶች ሥራ ፈጠራ ልማት ፕሮጀክት ገንዘቡን በኢትዮጵያ ልማት ባንክ በኩል ለብድርና ቁጠባ ተቋማት ያስተላልፍ ነበር፤ ተቋማቱም በመካከል ለቀሩት ሴቶች፣ በቡድን ሳይሆን ለእያንዳንዳቸው፣ ያበድሩ ነበር። የነጋዴዋን የገንዘብ እንቅስቃሴ መገምገምን ተማሩ፤ ከቤት ውጭ ያለ መያዣ ተቀበሉ፤ መያዣ ለሌላቸው ደግሞ የተበዳሪውን ጠባይና አስተሳሰብ የሚለካ ፈተና ሞከሩ። የዓለም ባንክ እንደዘገበው በአማካይ ከብድሩ 200 በመቶ የነበረው የመያዣ ጥያቄ ወደ 125 በመቶ ወረደ። ከተበዳሪዎቹ ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ተበድረው የማያውቁ ነበሩ፤ ብድራቸውንም መለሱ። የተመደበው ገንዘብ ከታሰበው ፈጥኖ ስላለቀ ጣሊያንና ጃፓን እንዲጨምሩበት አስፈለገ። ይህ ፕሮጀክት ሥልጠናም ነበረው፤ ግን ሥልጠናው ከብድር ጋር የመጣ እንጂ በብድር ፋንታ የመጣ አልነበረም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ከአገር ውስጥም ምሳሌ አይጠፋም። በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እናት ባንክ በ11 ሴቶች አሳቢነት የተመሠረተ ነው፤ ከእነርሱ አንዷ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን የመሠረቱት፣ በኋላም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። ባንኩ ቅርንጫፎቹን በስመ ጥር ሴቶች ስም ከመሰየም አልፎ፣ መያዣ ለሌላት ሴት ሌሎች ያስቀመጡት ገንዘብ ዋስ የሚሆንበትን አሠራር ዘርግቷል። ይህ አሠራር ወደ ኋላ ሲመጣ ለዳያስፖራው ጥያቄ መሠረት ይሆናል። ከኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ተቋም የተለወጠው ሲንቄ ባንክም ስሙን የወሰደው የኦሮሞ ሴቶች መብታቸውን ከሚያስከብሩበት በትር ነው። ያማረ ስም ነው። ሆኖም ሲንቄም ሆነ ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም የተለወጠው ፀደይ ባንክ በሌሎቹ ባንኮች ሚዛን መመዘን ሲጀምሩ፣ ትልቅ ተበዳሪን ማሳደድ እንደሚያጓጓቸው መገመት አያስቸግርም። ባንክ መሆን ከተማ መግባት ነው፤ ከተማ የገባ ሁሉ የገጠር ዘመዱን አያስታውስም።

የስልክ ብድርም መጥቷል። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ሚቹ፣ ዳሸን ባንክ ከቴሌብር ጋር የጀመረው መላ፣ ያለ ቤት ዋስትና በገንዘብ እንቅስቃሴ መዝገብ ብቻ ያበድራሉ። ይህ አንድ ነገር አረጋግጧል፤ የነጋዴን ታማኝነት ከካርታ ውጭ ማንበብ ይቻላል። ይሁን እንጂ ገንዘቡ ጥቂት፣ ጊዜውም አጭር ስለሆነ ለሸቀጥ ማዞሪያ እንጂ ለማሽን መግዣ አይሆንም። በዚያ ላይ የዓለም ባንክ የፊንዴክስ ጥናት እንዳሳየው ከኢትዮጵያውያን ወንዶች ከግማሽ በላዩ የባንክ ወይም የሞባይል ገንዘብ ሒሳብ ሲኖረው፣ ከሴቶች ግን ሒሳብ ያላቸው ከአሥሩ አራት ያህሉ ናቸው። መዝገብ የሌላትን ሴት የመዝገብ ብድር አይደርስላትም።

ወለድን በተመለከተም ዝም ማለት አይገባም። ከዐረብ አገር ከሚመለሱት እኅቶች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ወለድ ያለበትን ብድር ቢሰጣቸውም አይወስዱትም። ዘምዘምና ሂጅራን የመሳሰሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች ሥራ ጀምረዋል፤ ሌሎችም ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት ከፍተዋል። ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ በታወቀ ትርፍ ለነጋዴዋ የሚሸጥበት ሙራባሐ፣ ማሽን ለምትፈልግ ሴት ከብዙ ብድር ይልቅ የሚስማማ ነው። ነገር ግን እዚያም በር ላይ የሚጠብቀው ያው የካርታ ጥያቄ ከሆነ ሃይማኖቷ ተከብሮ ንግዷ ይቀራል።

ያልተቆጠረ አይጠየቅም

ይህ በደል የኢትዮጵያ ብቻ እንዳይመስል፣ አንባቢው የሚኖርባቸውን አገሮች ማስታወስ ይበጃል። በፈረንሳይ ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ የባንክ ሒሳብ መክፈት የቻለችው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። በአሜሪካ በብድር ላይ በጾታ መለየትን የከለከለው ሕግ የወጣው በ1974 ነው፤ ከዚያም በኋላ በአንዳንድ ክፍላተ አገራት ለንግድ የምትበደር ሴት ወንድ ዘመድ እንዲፈርምላት ትጠየቅ ነበር። በ1988 የወጣው የሴቶች ንግድ ባለቤትነት ሕግ ይህን አስቀረ፤ ከዚህ ባላነሰ ደግሞ የሴቶችን ድርጅቶች በአገሪቱ የኢኮኖሚ ቆጠራ ውስጥ በሙላት መቁጠርን አዘዘ። በ2010 የወጣው ሌላ ሕግ አበዳሪዎች የሴቶች ድርጅቶች ያቀረቡትን የብድር ጥያቄ እየመዘገቡ እንዲያሳውቁ ደነገገ፤ ዝርዝር ደንቡ ግን እስከ 2023 ድረስ አልወጣም፤ ከዚያ ወዲህም በክርክርና በማራዘም ተጠምዷል። አበዳሪዎች ይህን ያህል የሚከራከሩት ቁጥሩ ራሱ ኃይል ስላለው ነው።

ከኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም መጠየቅ ያለበት ይኸው ነው። እያንዳንዱ ባንክ በስሙ ተለይቶ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለሴቶች የንግድ ድርጅቶች ስንት ብድር እንደሰጠ፣ በምን ያህል መጠን፣ በቤት መያዣ ስንቱን፣ በአዋጅ 1147 መሠረት በተንቀሳቃሽ ንብረት ስንቱን፣ ስንት ጥያቄ ቀርቦለት ስንቱን እንደመለሰ ለሕዝብ ይግለጽ። የዘርፉ አጠቃላይ አኃዝ አይበቃም፤ በአጠቃላይ አኃዝ ውስጥ ማንም ባንክ ተደብቆ ይውላል። ባንኩ ይህን ለማድረግ አዲስ ሠራተኛ መቅጠር አያስፈልገውም፤ መረጃው በየብድር ማኅደሩ ውስጥ አለ።

ከውጭ የሚጠበቀው

በውጭ የሚኖረው ወገን በዚህ ጉዳይ ታዛቢ አይደለም። የመጀመሪያው ሥራ ከራሱ ቤት ይጀምራል። ለእኅቱ ቦታ የሚገዛ ወንድም፣ ለልጁ ቤት የሚሠራ አባት፣ ገንዘቡ የማን እንደሆነ ካወቀ ስሙም የእርሷ ይሁን። ኤምባሲዎችና ቆንስላዎች ውክልና ያረጋግጣሉ፤ ውክልናው ግን «ቦታ ግዛልኝ» ብቻ ሳይሆን «በስሜ ግዛ፣ በስሜ አስመዝግብ» የሚል ግልጽ ቃል ይኑረው። በጅዳ፣ በዱባይና በቤይሩት ያሉ የኮሙኒቲ ማኅበራት ለአዲስ ገቢዎች ከሚያዘጋጁት የማንቃት ፕሮግራም ውስጥ ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር ቢካተት ከብዙ ሴሚናር ይበልጣል። ይህን ማለት ወንድምን በሌብነት መጠርጠር አይደለም፤ የወንድምን ልጆች ከአክስታቸው ጋር እንዳይካሰሱ ማዳን ነው።

ሁለተኛው የማኅበራት ገንዘብ አጠቃቀም ነው። ዳያስፖራው ገንዘብ ማሰባሰብ እንደሚችል በ2011 ዓ.ም. በቀን አንድ ዶላር በሚል ጥሪ የጀመረው የዳያስፖራ ትረስት ፈንድ አሳይቷል። ነገር ግን የተለመደው ስጦታ ነው፤ የስፌት መኪና፣ የትምህርት ቁሳቁስ፣ የአንድ ጊዜ ዕርዳታ። አሥር ሺህ ዶላር በስጦታ ቢከፋፈል በአንድ ቀን ያልቃል፤ በባንክ ተቀምጦ ለሴቶች ብድር ዋስ ቢሆን ግን ተበዳሪዋ በከፈለች ቁጥር ለሌላዋ ይለቀቃል። ሴቲቱ የተበደረችውን ካልመለሰች ማኅበሩ ይከስራል፤ ይህ መታወቅ አለበት፤ ማንም ያለ ኪሳራ የሚሠራ የዋስትና ፈንድ አለ ብሎ ቃል አይግባ። ከሦስት ብድር በኋላ ግን ባንኩ ያለ ማኅበሩ ዋስትና እንዲያበድራት በውሉ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ዳያስፖራው ለዘለዓለም የባንኩን ሥጋት ተሸካሚ ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚቀለውና ከሁሉ የተረሳው ነው። በ2011 ዓ.ም. የተሻሻለው የባንክ ሥራ አዋጅ፣ ቁጥር 1159፣ የሌላ አገር ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በአገር ቤት ባንኮች አክሲዮን እንዲይዙ ፈቅዷል። በዐረብ አገሮች የሚሠሩት ደግሞ አብዛኞቹ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዙ ስለሆኑ መብቱ ከመጀመሪያውም የእነርሱ ነበር። ከዚህ ወዲህ ብዙ ሰው አክሲዮን ገዝቷል፤ የትርፍ ድርሻው ስንት እንደሆነ ይጠይቃል፤ ትርፉ ከማን ላይ እንደመጣ፣ ማን እንደተበደረ፣ ማን እንደተመለሰ ግን አይጠይቅም። የውጭ ባንኮች እንዲገቡ በተፈቀደበት በዚህ ጊዜ የአገር ቤት ባንኮች በገበያቸው ውስጥ ያሉትን ያልተነኩ ደንበኞች ቢመለከቱ ለራሳቸውም ይበጃቸዋል፤ ይህን የሚያስታውሳቸው ባለአክሲዮን ያስፈልጋል።

ባለአክሲዮን በጠቅላላ ጉባኤ ተገኝቶ፣ ወይም ወኪል ልኮ፣ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ይችላል። ባንኩ ባለፈው ዓመት በተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና ለስንት ሴቶች አበደረ? የመደበኛ ሐዋላ ታሪክን የብድር መመዘኛ ለማድረግ ቦርዱ ወስኗልን? ካልወሰነ መቼ ይወስናል? የባንኮቹ የበጀት ዓመት በሰኔ ወር ስለሚዘጋ ጉባኤያቸው የሚጠራው በአብዛኛው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ጥያቄው በቃል ከሚቀር ይልቅ አስቀድሞ ለቦርዱ ጸሐፊ በጽሑፍ ቢደርስ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራልና፣ ከጥቅምት ወር አጋማሽ በፊት በየከተማው ያሉ ባለአክሲዮኖች የየባንካቸውን ስም ጽፈው አንድ ላይ ሊፈርሙበት ይገባል።